ጥይት የማይፈራው ማኑሶስ

እኔን የሚያቃጥሉኝ ምርመራውን የወደቁት ሕፃናት አይደሉም። የወደቀ ሕፃን ወላጆች በማግስቱ ክፍሌ በር ላይ ናቸው። ያለቅሳሉ፣ ይጨቃጨቁኛል፣ አቴና ያለ ዘመዳቸውን ያስደውሉብኛል፣ ግን ይመጣሉ። እኔን የሚያቃጥሉኝ ያለፉት ናቸው።

ሆስፒታላችን ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ፣ የጆሮ መርማሪዋ አርጊሮ ጋ፣ ይመጣል። ጆሮው ውስጥ ትንሽ መሰኪያ አስገባለሁ፣ ማሽኑ ድምፅ ይልካል፣ ጆሮው መልስ ከሰጠ የጤና ደብተሩ ላይ ማህተም እመታለሁ። ማህተሙ «አልፏል» ይላል። ከዚህ ማህተም ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልቻለሁ። ከሚያልፉት መካከል ዛሬ ሰምተው፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ቀስ በቀስ መስማት የሚያቆሙ አሉ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ በማሽን የተነፈሱ፣ ከሞት ያተረፋቸው መድኃኒት ውሎ አድሮ ጆሯቸውን የሚጎዳባቸው። እነዚህን በዘጠኝ ወራቸው፣ ከዚያም ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው እየጠራሁ ማየት አለብኝ። ቶሎ ከደረስኩበት ማዳመጫ ይደረግለትና ከእኩዮቹ ጋር አፉን ይፈታል። ካልደረስኩበት ግን ልጅ ቃል የሚለቅምበት ያ ጊዜ ባዶውን ያልፋል። ያለፈውን ደግሞ ማንም አይመልስለትም።

ይህን ሁሉ ለወላጅ አስረዳለሁ። ወላጁ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያመሰግነኛል፣ ከዚያ ደብተሩን ይከፍትና «አልፏል ይላል እኮ» ይለኛል። ለአስተዳደሩ «ማህተሙን ‹ዛሬ ይሰማል› በሚል ቀይሩልኝ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለሁለቱ መልስ የለም። ለሦስተኛው «ሕዝብ ያስደነግጣል» አሉኝ። እኔም ሕዝቡን ማስደንገጥ ነበር የፈለግሁት።

የማሳድዳቸውን ልጆች የምይዝበት ሰማያዊ መዝገብ አለኝ። ይህ የማወራው በሆነበት ጊዜ አርባ ሦስት ነበሩ፤ ከአርባ ሦስቱ ስም ያላቸው ደግሞ ስድስት ብቻ። በእኛ ዘንድ ልጅ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ «ሕፃኑ» ነው። የክርስትና አባቱ ከጀርመን ፈቃድ ወስዶ እስኪመጣ፣ በጎቹ እስኪደልቡ፣ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መዝገቤ «ወንድ፣ እናት እገሊት፤ ሴት፣ እናት እገሊት» እያለ ይወርዳል። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «አርባ ሦስት ሰው ጠፍቶብኛል፣ ስማቸውን ግን አላውቅም» ብል የሚያስሩት እኔን ነው።

ከእነዚህ አንዱ የኤርጊና ልጅ ነበር። «ወንድ፣ እናት ኤርጊና ኮፓናኪ፣ ላኮስ መንደር፣ አሥራ አራት ቀን በልዩ ክፍል።» ታኅሣሥ ላይ ከጊዜው ሰባት ሳምንት ቀድሞ ተወለደ፤ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ፣ አራት ቀን በማሽን ተንፍሶ፣ ያን መድኃኒት እስኪበቃው ወስዶ ተረፈ። እጆቹና እግሮቹ በመርፌ ተበሳስተው ነበር። ምርመራዬን አለፈ። ኤርጊና ማህተሙን ስታይ እጄን ይዛ ሳመችው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«አትሳሚኝ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ዛሬ ይሰማል። ለነገው ግን ዋስ አልሆንም። በዘጠኝ ወሩ አምጪልኝ። ብትረሺ እኔ አልረሳም።»

«እንዴት እረሳለሁ፣ አርጊሮዬ? የመጣውን ይምጣ፣ አመጣዋለሁ።»

መስከረም ደረሰ። ኤርጊና ስልኳን አታነሳም። ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ነው፤ ቱሪስቱ እስኪያልቅ እዚያው ታድራለች፣ ስልክ ደግሞ በሥራ ሰዓት ክልክል ነው። ባሏ ቫርዲስ ቭላታኪስ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። ልጁ ላኮስ፣ ተራራው ላይ፣ አያቶቹ ጋ ነው። የአያቶቹን ቤት ስልክ ደወልኩ።

«ማነው!» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

«ከሆስፒታል ነው፣ አባባ። አርጊሮ እባላለሁ። የኤርጊና ልጅ...»

«ጤነኛ ነን! እኛ ቤት በሽተኛ የለም!»

«አውቃለሁ አባባ፣ ልጁ ለጆሮው መታየት ስላለበት ነው...»

«ጆሮው ምን ሆነ? ሁለት ጆሮ አለው! ክርስትና ተነስቷል፣ ሐምሌ ላይ! ማኑሶስ! እንደኔ!»

ከኋላ የሴት ድምፅ «ወዲህ በለው፣ አንተ ደግሞ ምን ትሰማለህ» ሲል ሰማሁ። ሚስታቸው እማማ ጋሪፋሊያ ስልኩን ተቀበሉ። ለማክሰኞ አራት ሰዓት ቀጠሮ ሰጠኋቸው።

«ማክሰኞ ወይን እንለቅማለን፣ ልጄ። ሌላ ቀን አይሆንም?»

ደሜ ፈላ። የዚያን ቀን ጠዋት አምስት ቤት ደውዬ ነበር። አንዷ እናት ዘጋችብኝ፣ አንዱ አባት «ውሻ ሲጮህ ዞር ይላል፣ ምን ትፈልጊያለሽ» አለኝ፣ ሦስቱ አላነሱም። የአምስቱን ሁሉ ንዴት አጠራቅሜ እማማ ጋሪፋሊያ ላይ ደፋሁት።

«እማማ፣ ወይኑ አይሸሽም! ማክሰኞ በአራት ሰዓት ካልመጣ ቀጠሮውን ለሌላ እሰጠዋለሁ! ጉንፋን፣ ወይን፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ምንም ሰበብ አልሰማም! ከዚያ ልጁ ደንቁሮ ቢቀር እኔ ጋ መጥታችሁ እንዳታለቅሱ!»

ከዚያ በቀጭን ድምፅ «እሺ፣ ልጄ» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ የተራራ ሰው እንዲህ ካልተናገሩት አይሰማም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። እኔም የተራራ ሰው ልጅ ነኝ።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት እማማ ጋሪፋሊያ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ድብልብል አይብ ይዘው ከች አሉ። የትልቁ ልጃቸው የስትራቲስ መኪና አምጥቷቸው ነው። የጤና ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፤ ሽፋኑ ላይ «ማኑሶስ ቭላታኪስ» ይላል። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፣ በሩ ይንኳኳል። ደብተሩን ሳልገልጠው ልጁን ተቀበልኩ።

ጉንጩ የተነፋ፣ አገጩ ሥር ምስር የምታክል ጥቁር ምልክት ያለችው፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። በስተጀርባው የቁልፍ ዘለላ ሳንቀጫቅጭ ዞረ። በሹክሹክታ ስጠራው ዞረ። መሰኪያውን ጆሮው ውስጥ ሳስገባ የማሽኑ መስመሮች እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆሙ። በደስታ አጨበጨብኩ።

«እማማ፣ ይሰማል! እንደኔና እንደርስዎ ይሰማል! ጎሽ ማኑሶስ!»

እማማ ጋሪፋሊያ አልሳቁም። «ጨረስሽ?» አሉኝ፣ አይቡን አኖሩልኝ፣ ልጁን ብድግ አድርገው ቶሎ ወጡ። ወይናቸው አስቸኩሏቸው ነው አልኩ። ሰማያዊ መዝገቤ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ጤናማ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ለሁለት ዓመቱ አደረግሁት። በዚያ ወር ከጠራኋቸው ስምንት ልጆች የመጣው እሱ ብቻ ነበር። የጆሮ ሐኪማችን ዶክተር አሪስቲዲስ ከአይቡ ቆርሶ እየበላ «ለካ ጩኸትሽ ይሠራል» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

በቀጣዩ ሰኔ አባባ ማኑሶስ ራሳቸው መጡ። በስልክ ያልሰሙኝ እኚያ ሽማግሌ። ቭላታኪስ የሚለውን ስም ስጠራ «እኔ ነኝ፣ ትልቁ!» ብለው ገቡ። ጢማቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ጆሯቸው ግን በስልሳ ዓመት የሠርግና የክርስትና ተኩስ ያለቀ። ማዳመጫ ለመለካት ነው የመጡት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከሳቸው ጋር መጮህ ሰልችቶታል። የጆሮ ቅርጽ የሚወሰድበትን ሊጥ መሳይ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ሞልቼ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ስልካቸውን አወጡ።

«የልጅ ልጄን ላሳይሽ» አሉኝ። «ግንቦት ላይ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበር። ለፖሊስ እንዳትናገሪ።»

ቪዲዮው ላይ ሙሽራው ከቤቱ ሲወጣ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ይተኩሳሉ። የስልኩ ድምፅ ራሱ ክፍሌን አናወጠው። በግራ በኩል አንድ ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ እሪ ይላል። በቀኝ በኩል ሌላ ሕፃን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስኳር የተለበጠ ለውዝ ከከረጢት እያወጣ ይደረድራል። ከአናቱ በላይ አንዱ ጎረምሳ ጥይቱን እስኪጨርስ ተኮሰ። ልጁ አንዱን ለውዝ አንስቶ አየው፣ መልሶ አኖረው። ቀና እንኳ አላለም።

«አየሽልኝ? ዓይኑን አላርገበገበም!» አባባ ማኑሶስ ጉልበቴን መቱኝ። «እንደዚያኛው አልቃሻ አይደለም። ይሄ ደሜ ነው። መንደሩ ሁሉ ጥይት የማይፈራው ማኑሶስ ይለዋል!»

ምስሉን እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። እሪ የሚለው ልጅ ፊቱን ሲያዞር አገጩ ሥር ምስር የምታክል ምልክት አየሁ።

«ይሄ የሚያለቅሰው ማነው?» አልኩ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ።

«ማኑሶስ!»

«ይሄ ለውዝ የሚደረድረውስ?»

«እሱም ማኑሶስ! ሁለት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሁለቱም የበኩር ልጃቸውን በስሜ ጠሩልኝ! በአሥራ ሰባት ቀን ነው የሚበላለጡት! ማን ነው እንዲህ የተከበረ አባት?»

«ምልክት ያለው የማን ነው?»

«የስትራቲስ። ጀግናው የቫርዲስና የኤርጊና ነው። አስታወስሽው? ሊሞት ነበር እኮ! ዛሬ አንበሳ ሆነልሽ!»

«ይናገራል?»

«የኛ ቤት ወንድ ወሬ አይወድም። እኔ አፌን የፈታሁት በሦስት ዓመቴ ነው።»

ሰማያዊውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጣሁ። «ጤናማ» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፌ አለ። ያ ጽሑፍ የዚያኛው፣ የስትራቲስ ልጅ ጆሮ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አይቼ የመጀመሪያውን ገጽ አልገለጥኩም። ብገልጠው የእናቱ ስም እዚያው ነበር። የልጁ እጅ ላይ አንድም የመርፌ ጠባሳ እንደሌለ አላየሁም። የበኩር ልጅ በአያቱ ስም በሚጠራበት በእኛ ዘንድ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ካሉ ሁለት ማኑሶስ እንደሚኖር ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ የአያቴን ስም ከሦስት የአጎት ልጆች ጋር ነው የምካፈለው። በራሴ ተናድጄ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ በኃይል ጣልኩት። አባባ ማኑሶስ እሱንም አልሰሙም።

«ነገ ጠዋት ይምጣ» አልኳቸው። «ኤርጊናም ትምጣ።»

«በሰኔ? ሆቴሉ አይለቃትም።»

«እሱን ለኔ ተዉት።»

ሆቴሉ ደወልኩ። እንግዳ ተቀባዩ «ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ስልክ አታናግርም» ሲለኝ የአስተዳዳሪውን ስም ጠየቅሁት፣ አስተዳዳሪው ደግሞ የእናቱን ጤና እስኪጠይቀኝ ድረስ አልለቀቅሁትም፤ እናቱ ታካሚያችን ናቸው። ኤርጊና ስልኩ ላይ ስትመጣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

«ምን ሆነብኝ?»

«ምን እንደሆነ ማወቅ ነው የምፈልገው። ነገ አምጪው።»

«ባለፈው ታይቶ ጤናማ ነው ተብሏል እኮ!»

«የታየው እሱ አይደለም፣ ኤርጊና። የስትራቲስን ልጅ ነው ያየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስልኩ ውስጥ የሆቴሉ ሙዚቃ ብቻ ይሰማኛል።

በማግስቱ ሦስቱ መጡ፤ ኤርጊና፣ እማማ ጋሪፋሊያና ማኑሶስ። ልጁ ቀጭን ነው፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ የሰው ከንፈር ላይ ተተክሎ የሚቀር። ገና ሲገባ ከኋላው ስሙን ጠራሁ። ቁልፍ አንቀጫቀጭኩ። መሳቢያ በኃይል ዘጋሁ። ወለሉ ሲነቃነቅ እግሩን አየ እንጂ አልዞረም። ኤርጊና እኔን አትመለከትም፤ የምትመለከተው የልጇን ማጅራት ነው።

እናቱ ጭን ላይ አስተኛነው። ግንባሩና ከጆሮዎቹ ጀርባ ሽቦ ለጠፍኩ። በእንቅልፉ ድምፅ እየላክን አንጎሉ መቀበሉን የምናይበት ምርመራ ነው። ከሹክሹክታ ጀመርኩ፤ መስመሩ ዝርግ። ሰው እንደሚያወራው አደረግሁት፤ ዝርግ። ሰው እንደሚጮኸው አደረግሁት፤ ዝርግ። ሞተር ብስክሌት አጠገብህ ሲነሳ ከሚያሰማው አልፌ ማሽኑ እስከሚችለው ሳደርስም ዝርግ። ዶክተር አሪስቲዲስን ጠራሁት፤ እሱም ደገመው። ያው ነው።

ዶክተሩ ለኤርጊና ቁጭ ብሎ አስረዳት። ማዳመጫ ወዲያው እንደሚደረግለት፣ እሱ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና እንዳለ፣ ልጁ መማርም መናገርም እንደሚችል፣ ግን ከእኩዮቹ ኋላ ስለቀረ ብዙ ልፋት እንደሚጠብቃቸው። ሁሉንም በደንብ ነገራት። እሷ ግን ወደኔ ዞረች።

«ሲወለድ ይሰማል ብለሽኝ ነበር።»

«ይሰማ ነበር።»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

«ሥራዬ ነው። መስከረም ላይ እሱን አይቼው ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ መዝገቤ ላይ የሌላ ልጅ ጆሮ ነው ያለው።»

ኤርጊና ሽቦዎቹን ከልጇ ግንባር ራሷ መላቀቅ ጀመረች። «ማታ ማታ ከሆቴል እየደወልኩ እዘፍንለታለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እማማ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝልኛለች። ዝም ብሎ ያዳምጣል ትለኛለች። ዝም ብሎ ያዳምጣል...» ከዚያ አለቀሰች። ልጁ ነቅቶ ከንፈሯን እያየ በጣቱ ነካው።

ወጣሁ። እማማ ጋሪፋሊያ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አሁን እንኳ ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ የምደፋበት ሰው እፈልግ ነበር።

«እማማ፣ የትኛውን እንደጠራሁ ያውቁ ነበር። የኤርጊናን ልጅ አልኩዎት። ለምን ያንን አመጡልኝ?»

«አውቅ ነበር» አሉ። ጎንበስ ብለው ወለሉን ያያሉ። «የዚያን ሳምንት ትንሹ ጉንፋን ይዞት ነበር። አፍንጫው ተደፍኖ፣ እያተኮሰው። በዚያ መንገድ እንዴት ላውጣው? ቀጠሮውን ለሌላ እሰጣለሁ ብለሻል። እንዳይቀርብን ብዬ... ሁለቱም ማኑሶስ ናቸው። ባዶዬን ከምመጣ ብዬ።»

«ጉንፋን የያዘው ልጅ እኮ ድሮም አይመረመርም! ብትደውሉልኝ ለሚቀጥለው ሳምንት አሸጋግረው ነበር! አንድ ስልክ፣ እማማ! አንድ ስልክ ብቻ!»

እንደገና እየጮህኩ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። እማማ ጋሪፋሊያ ትከሻቸውን ሰበሰቡ፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ፈራሁሽ።»

ጉንፋን ሰበብ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስታወስኩት፤ ጉንፋን፣ ወይን፣ ለቅሶ፣ ሠርግ። እጃቸውን ያዝኩ፣ እሳቸውም አልከለከሉኝም። እዚያው ተቀምጠን የኤርጊናን ለቅሶ ሰማን።

በሚቀጥለው ቀን የዚያ ወር ዝርዝር ውስጥ ሰባት ልጆች ነበሩ፣ አንዱም አልመጣም። ሰማያዊውን መዝገብ ከፈትኩ። የማኑሶስን አረንጓዴ ጽሑፍ ሰርዤ ከጎኑ እውነቱን ጻፍኩ፣ ከሥሩም ስሜን ፈረምኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወልኩ። አንዲት አሮጊት አነሱ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ፣ ለስለስ አድርጌ። «ከሆስፒታል ነኝ። ስለ ሕፃኑ ነበር። እናቱ ማን ትባላለች? የሚመቻችሁስ ቀን መቼ ነው?»

«ማነሽ?» አሉ።

ያንኑ ደገምኩላቸው፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

«ጮክ በይ እንጂ፣ ልጄ!» አሉኝ። «አይሰማኝም!»